ንብ አናቢዋ መኪናዋን ከፍ ያደረገች ለት

ንብ አናቢዋ ሃምሳ ዓመት በሞላት በወሩ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገዛች። ቀፎዎቿን አበባ ወዳለበት ኮረብታ የምታመላልሰው በዚያች መኪና ነው። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ ትልልቅ ጎማ አስገባችላት፤ ጣጣውም ከዚያ ጀመረ። ጭነት ከብዷት ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ጎማው ከላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ እየፋቀ ይጮኻል። ንብ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይወድም። አንድ ቀን ንቦቹ ከቀፎ አምልጠው ጋቢና ድረስ ገቡና የባሏን ጆሮ ነድፈው ለሳምንት ጎመን አሳከሉት።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈሩ «ሜትሮ» ይለዋል።

«ቦዲውን ከታች ከሚሸከመው ሻንሲ ከፍ የሚያደርግ ዕቃ ገዝቻለሁ» አለችው። «ጋራዡ ግን ሦስት ሳምንት ካልሞላ አልቀበልም አለ። እስከዚያ አበባው ይረግፋል። ስለዚህ እኛው እንገጥመዋለን፤ አንተ የመፍቻ ቁልፍ ታቀብለኛለህ።»

«እኔ የማውቀው ቁልፍ የሸሚዝ ብቻ ነው!»

«ይበቃል» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ሸራ አንጥፋ ከመኪናዋ ስር ገባች። ባትሪውን ቀደም ብላ ነቅላለች። የጋራዡ መካኒክ «መሪውን ሳትፈቺ ቦዲውን እንዳታነሺ» ብሎ ስላስጠነቀቃት የመሪውን ዘንግም አላቀቀች። ከዚያ ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የያዙትን ቡሎኖች ተራ በተራ ፈታች። ዘጠኙ እሺ አሉ። አሥረኛው ዝጎ ግግም አለ። ዘይት አጠጣችው፣ ምሳ በላች፣ ተመለሰች፤ አሁንም እምቢ። በመጨረሻ የመፍቻው እጀታ ላይ የብረት ቱቦ ሰክታ፣ እግሯን አጠገቧ ባለው የግቢው ዛፍ ግንድ ላይ ተክላ ሳበችው።

«ተይ፣ ትሰብሪዋለሽ!» አለ ባሏ።

ቡሎኑ ጮኸና ዞረ።

መኪና ማንሻው ክሪክ ቦዲውን እንዳይጎዳው ሳንቃ ደርባ አንዱን ጎን በቀስታ አነሳች። በቦዲውና በሻንሲው መካከል የገዛቻቸውን ድፍን ጥቁር የፕላስቲክ ክቦች አስገብታ አብረዋቸው የመጡትን ረጃጅም ቡሎኖች ሰደደች፤ ሌላውንም ጎን እንዲሁ። ልታጠብቅ ስትል ሜትሮ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መኪናዋን መዞር ጀመረ።

«የቀኝ ኋላው በግማሽ ሴንቲ ከፍ ብሏል።»

«ግማሽ ሴንቲ ደግሞ ማን ያየዋል?»

«ኮት ሰፍቼ አንዱ እጅጌ ቢረዝም ደንበኛዬ ዝም ይለኛል? ፍቺው።»

እያጉረመረመች ፈታችው። ክቡ ስር አንዲት ጠጠር ተሸጉጣለች። እንደዚያው ቢጠብቅ ኖሮ ኮረብታው መንገድ ላይ ክቡ ይሰነጠቅ ነበር። ጠጠሯን በመዳፏ ይዛ ባሏን አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እድሜህን በጨርቅ ጨረስከው'ኮ!»

ሞተሩን ከማስነሳቷ በፊት የሞተሩን ማራገቢያ በእጇ አዞረችው፤ ዙሪያውን ያለውን መከለያ ነካ። ራዲያተሩ ከነመከለያው ከቦዲው ጋር ከፍ ሲል ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር እዚያው ቀርቷል። መከለያውን ዝቅ አድርጋ አሰረችው። መሪውን ስትገጥም፣ እያንዳንዱን ቡሎን ስታጠብቅ፣ ሜትሮ የጠበቀውን ሁሉ በልብስ ጠመኔው ምልክት አደረገበት። አንድም አላመለጣቸውም። ባትሪውን መልሳ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ተነሳ፤ ሁለቱም ጆሯቸውን አቁመው አዳመጡ። የሚፋቅ ነገር የለም።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ቀፎ ጭነው ኮረብታውን ወጡ። ትልቁ ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ሜትሮ ጆሮውን በእጁ ሸፈነ። መኪናዋ ገባች፣ ዘንበል አለች፣ ወጣች። ከኋላ የተሰማው የንቦቹ የተለመደ ጥዝዝታ ብቻ ነበር።

ቀፎዎቹ የሚያርፉበት መሬት ባለቤት መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። «ቁመት ጨምራለች! የት ጋራዥ አሠራችኋት?»

እሷ አፏን ሳትከፍት ሜትሮ ደረቱን ነፋ።

«እቤት ነው። የልጆቼ እናት ናት የሠራቻት፤ በእጇ!»

ንብ አናቢዋ አፈረች። ግን «እሱም ለክቶልኛል» ለማለት አልረሳችም። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የመጀመሪያውን ቀፎ ልታወርድ ሄደች።