የቁማር ማሽኑ ሆድ

ጋቦዴ በሚባል ሰፈር በሠራተኝነት የተቀጠርኩበት ቤት ሳሎን ውስጥ አሠሪዬ ለመዝናኛ ያስቀመጠው የቁማር ማሽን አለ። ባለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹ ጫታቸውን ይዘው መጡ። እሱ ግን «ዛሬ ጫት አላገኘሁም» ብሎ ከየሰዉ እየለመነ ይቅም ጀመር።

አንዱ እንግዳ ልጫወት ብሎ ማሽኑን ቢሰካው ቀይ መብራት ብልጭ አለና ጠፋ። ነቅለው ሰኩት፣ ሶኬት ቀየሩለት፣ ጎኑን በጥፊ አሉት፤ ወይ ፍንክች! ከሥሩ ደግሞ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ይቺ ናት! በውሃ አጥባው ነው!» አለ አሠሪዬ በጣቱ እየጠቆመኝ።

ደሜ ፈላ። «ሙሴ» ነው የምለው፣ ጌታዬ ለማለት። «ሙሴ፣ እኔ በደረቅ ጨርቅ ከመወልወል በቀር ነክቼው አላውቅም። ይከፈትና ይታይ!»

«ቁልፉ ጠፍቷል። ሂጂ ወደ ሥራሽ!»

«አልሄድም! ወገብዎ ላይ የተንጠለጠለው ታዲያ የምንድነው?»

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንደኛው ቁልፉን ከአሠሪዬ ወገብ ፈትቶ ማሽኑን ከፈተው። ከጠዋት ጀምሮ ስፈልገው የነበረው የወጥ ቤት ፎጣዬ ውሃ ተነክሮ፣ በሩን አላስገጥም ብሎ ውስጡ ተወትፏል። ጎትቼ ፈታሁት። ለምለም ጫት!

ማንም ሳያዘኝ ለእንግዶቹ አከፋፈልኩት። ማሽኑም በሩ ሲገጥምለት እየዘፈነ ተነሳ። እኔም ፎጣዬን ጨመቅሁና፣ እንደታዘዝኩት፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።