ገመድ ያዡ እጅ ሲነሳ

ተራራ ወጪ ጡረታ የሚወጣው በደብዳቤ አይደለም። አንድ ቀን እግሩ ይንሸራተታል፣ ይወድቃል፣ ሲነሳ ጡረተኛ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ያህል የአገሬንም የጎረቤት አገርንም ተራሮች ስወጣና ሰው ስመራ ኖሬ፣ የወደቅኩት ስም እንኳ ካልወጣላት ከአንዲት ቋጥኝ ላይ ነው። ፍየል ወጥታ ቅጠል የምትቀነጥብባት ዓይነት ናት። የትከሻዬ አጥንትና ሦስት ጎድኖቼ ተሰበሩ፤ ከሁሉ የከበደኝ ግን የወደቅኩበትን ቦታ ለጠያቂ መናገር ነበር።

አጥንቱ ገጠመ፣ እኔም ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ቢቸና ተመለስኩ። አንድ ያልገጠመ ነገር ግን ውስጤ ቀርቶ ነበር፤ ከፍታ እፈራለሁ። መፍራት ስል ትንሽ ቅር ይለኛል ማለቴ አይደለም። ወንበር ላይ ስቆም ምድር ትዞርብኛለች። አምፖል ሲቃጠል ወንበር ላይ የምትወጣው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ወንበሩን ይዤ ዓይኔን ወደ በሩ አዞራለሁ። አዋላጅ ነርስ ስለሆነች የሰው ፍርሃት ለእሷ ብርቅ አይደለም። አንድ ቀን አምፖሉን እያዞረች፣ ባሏ ተራራ ወጪ ሆኖ የጣሪያ ድር የምትጠርግ ሴት በዓለም ላይ እሷ ብቻ ሳትሆን እንደማትቀር ነገረችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ የእኔ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ።

ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለቢቸና ሰው ሰበቤ ጉልበቴ ነው። ጉልበቴን እያልኩ መሰላል እሸሻለሁ፣ ጉልበቴን እያልኩ ፎቅ ላይ ከተጠራ ስብሰባ እቀራለሁ። ችግሩ ሠርግ ላይ ነው። ከበሮ ሲመታ ራሴን አላውቅም፤ ቁጭ ብድግ እያልኩ ስወርድበት ጎረምሶቹ ቦታ ይለቁልኛል። አንድ ጎረቤቴ በትዝብት ሲያየኝ፣ ሕመሙ ወደ ላይ ስወጣ ብቻ እንደሚነሳ አስረዳሁት። እንዲህ ያለ ጉልበት ሐኪምም ሰምቶ አያውቅም፤ እሱ ግን እግዜር ይማርህ ብሎኝ አለፈ።

መሬት ላይ የቀረ ሰው መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሥዕል ሞከርኩ። የአንድ ምግብ ቤት ባለቤት ግድግዳው ላይ ተራራ ሳልልኝ ቢለኝ በረዶ የለበሰ ጫፍ ሳልኩለት። ቆሞ ብዙ አየውና፣ ባዶ ተራራ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ በግ ጨምርበት አለኝ። አንድ በግ ጨመርኩ። ደንበኞቹ ወደዱትና ሌላም ይጨመር አሉ። ዛሬ ያ ተራራ እስከ በረዶው ድረስ በግ ብቻ ነው፤ አናቱ ላይ የቆመው ሙክት እኔ ያን ጫፍ ከረገጥኩበት ቀን ይልቅ ኩሩ ይመስላል።

ቀጥሎ ቴአትር ጻፍኩ። ጭድ የሞሉ የማዳበሪያ ከረጢቶች ከምረን ተራራ ሠራን። ዋናው ተዋናይ ጫፉ ላይ ደርሶ እጁን ዘርግቶ ሊናገር ሲል ተራራው ከሥሩ ተንሸራተተና፣ ሰውየው ከነንግግሩ የፊት ወንበር ላይ በተቀመጡት የክብር እንግዶች ጭን ላይ አረፈ። ተመልካቹ የድርሰቱ ክፍል መስሎት አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። በማግስቱ ያንን ቦታ እንዴት አሰብከው ሲሉኝ፣ ብዙ እንደደከምኩበት ነገርኳቸው። ለሬዲዮም ድራማ ጽፌአለሁ። የተራራውን ነፋስ ድምፅ ለመለማመድ እንስራ ውስጥ ስነፋ ባለቤቴ ከሥራ ገብታ አገኘችኝና፣ ምንም ሳትጠይቅ አልፋ ልብሷን ቀየረች።

እንጀራዬ የሆነው ግን ሥልጠናው ነው። በዓባይ በረሃ አፋፍ ባሉት ቀበሌዎች ሰውም ከብትም ገደል ይገባል፤ ስለዚህ መምህራንንና የጤና ባለሙያዎችን ሰብስቦ የገመድ አያያዝ፣ ቋጠሮ፣ የተጎዳ ሰው አወጣጥ የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ቋጠሮ ሳስተምር ምላሴ ይፈታል። ሕጎቼ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ የወጪውን ገመድ ከታች የሚይዘው ሰው፣ ማለትም ገመድ ያዡ፣ ምንም ቢመጣ እጁን ከገመዱ አይለቅም። ሁለተኛ፣ ከጎኑ ሌላ ሰው ቆሞ በየጥቂት ክንዱ ገመዱ ላይ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ ያዡ ቢለቅ እንኳ ቋጠሮው ገመዱ በሚያልፍበት በወገቡ ባለው ብረት ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ለማንም የማልናገራት ሦስተኛ ሕግም ነበረችኝ፤ አሠልጣኙ ከመሬት አይነሳም። ቢቸና ላይ ይህች ሕግ አልተነካችም። ሠልጣኞቹ ከየአገሩ ተመድበው የመጡ ጎረምሶች ስለነበሩ፣ ማን ይጀምር ስል ተሽቀዳደሙ።

ሞጣ ግን ሌላ ሆነ። አምና በበጋ ለአምስት ቀን ሥልጠና ተጠርቼ ሄድኩ። ሠልጣኞቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ አብዛኞቹ ልጅ ያሳደጉ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ ቋጠሮ ስንቋጥር ዋልን። በአራተኛው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ገደል ወሰድኳቸው። ሁለቱን በጀርባ በኩል በእግር መንገድ አናቱ ላይ ልኬ ገመዱ በወይራ ግንድ ላይ ባሰሩት ቀለበት ውስጥ እንዲያልፍ አደረግኩ፣ ቋጠሯቸውንም በስልክ ፎቶ አስልኬ አረጋገጥኩ። የገመዱ አንዱ ጫፍ ለወጪው፣ ሌላው ለያዡ ወረደ። ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ እንደ ልማዴ ማን ይጀምር አልኩ።

ሠልጣኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሁሉም እኔን አዩ። ከእኔ ጥቂት የሚያንስ አንድ የሒሳብ መምህር ስለ ሁሉም ተናገረ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ቆመው እኛ ልንቀድም? ነውር ነው።"

ይህ ማዕድ አይደለም፣ ገደል ነው አልኳቸው። ልክ ነው አሉ፤ ማንም ግን አልተነቃነቀም። ጉልበቴን አነሳሁ። በጣም አዘኑልኝና እስኪሻለኝ እንደሚጠብቁ ነግረውኝ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ የቆሎ ስንቃቸውንም ፈቱ። አንዲት ነርስ ከቦርሳዋ ቅባት አውጥታ ካላሸሁዎት አለች፤ ሱሪዬን ሰብስባ ዳሰሰችና፣ እብጠትም የለው፣ እንደ ወጣት ጉልበት ነው ብላ ለሁሉም አበሰረች። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ከተራራ ይዤው የወረድኩት ነገር ቢኖር ስሜ ብቻ ነበር፤ እሱም እዚያ ጥላ ሥር ከቆሎው ጋር ተቆርጥሞ ሊያልቅ ሆነ።

ታጠቅኩ። ገመድ ያዡ የሒሳብ መምህሩ፣ ቋጠሮ ቋጣሪዋ ነርሷ ሆኑ። እጄን ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ። ሁለት ክንድ ወጣሁ፣ አራት ወጣሁ። እግሬ እንደ ወንፊት ይርገፈገፍ ጀመር። ወደ ታች አላይም ብዬ ዓይኔን አንዲት ጉንዳን ላይ ተከልኩ፤ እሷ ምንም ሳትታሰር ቀደመችኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጣቶቼ እኔን ሳያማክሩ መያዣ ይፈልጉ ጀመር። አንድ ስንጥቅ አገኙ፣ ሌላም አገኙ። ከታች አይዞዎት ይሉኛል፣ እኔ ግን ለራሴ ማጉረምረም፣ ከዚያም ማዜም ላይ ደርሼአለሁ። ደስታ አናቴ ላይ ወጥቶ አሰከረኝ። እኩሌታውን አልፌ ነበር።

ያኔ በገደሉ ሥር በሚያልፈው መንገድ አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር ጥላቸውን ዘርግተው መጡ። ኋላ እንደሰማሁት የሒሳብ መምህሩን ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ሠልጣኞቹ ሁሉ ብድግ አሉ። የሒሳብ መምህሩም የኔታን ሲያይ፣ በደንብ ያደገ የሞጣ ልጅ የሚያደርገውን አደረገ። ገመዱን ለቀቀ፣ አጎንብሶ በሁለት እጁ የየኔታን ጉልበት ይዞ ሳመ።

ድንጋዩ በፊቴ ሽው ብሎ ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ ቀጥ አለ። የነርሷ ቋጠሮ ብረቱ ላይ ተቀርቅሮ ነበር። የሒሳብ መምህሩ በክብደቴ ተስቦ ከየኔታ ጉልበት ተነጥሏል፤ ገመዱን መልሶ ሲይዝ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ ከሦስት ሰው ቁመት በላይ አየር ላይ ተንጠልጥዬ ቀስ እያልኩ እዞራለሁ። የኔታ የሆነውን ልብ አላሉትም። ጥላቸውን ወደ ኋላ አዘንብለው አንጋጠው አዩኝና እንደምን ዋልክ ልጄ አሉኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ገመዱ አዞረኝና ፊቴ ወደ ድንጋዩ ሆነ። ቤተሰቡ ደህና ናቸው ወይ አሉ፤ ደህና ናቸው ብዬ ለድንጋዩ መለስኩ። ዞሬ ስመለስ አዝመራው ላይ ደርሰዋል። ሰላምታ ተጀምሮ አይቋረጥምና፣ የቢቸና አካባቢን ጤፍ ተንጠልጥዬ አወራኋቸው።

"ለመሆኑ እዚያ ምን ትሠራለህ?" አሉ በመጨረሻ።

ሰበቡ አፌ ላይ ነበር። ዓመታት የሞረድኩት ሰበብ ነው፤ እዚያ ላይ ሆኜ ግን የሚያስቅ እንጂ የሚረዳኝ አልመስልህ አለኝ።

"እየፈራሁ ነው፣ የኔታ። ከወደቅኩ ወዲህ ከመሬት ተነስቼ አላውቅም። ጉልበቴ ደህና ነው።"

የኔታ ጥላቸውን አቀኑ።

"እየፈራህም ይኸው እዚያ ደርሰሃል። የጀመርከውን ጨርስ እንጂ።" ይህን ብለው ሠልጣኞቹን ባርከው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የሒሳብ መምህሩ ይቅርታ እየለመነ ላውርድዎት አለኝ። አታውርደኝ፣ ገመዱን ሳብ፣ ወደ ላይ ነኝ አልኩት። ነርሷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ድንጋዩን አቅፌ ሳቅኩ፤ እየሳቁ መውጣት ግን አይመከርም፣ ጉልበት ይከዳል። አናቱ ላይ ስደርስ የወይራውን ግንድ እንደ ዘመድ አቀፍኩት። ለባለቤቴ ደወልኩና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። እሷም የጓዳው አምፖል መቃጠሉን ነገረችኝ።

ሠልጣኞቹ ከእኔ በኋላ በዕድሜ ተራ አንድ ሳይቀሩ ወጡ። በመጨረሻው ቀን የተደበቀችውን ሦስተኛ ሕግ ሰርዤ በምትኳ ሌላ አወጣሁ፤ ገመድ የያዘ ሰው ጳጳስ እንኳ ቢመጣ በአንገቱ ብቻ እጅ ይነሳል። ከቋጠሮ ሁሉ ይልቅ ያከራከረን ይህ ነው። የሒሳብ መምህሩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ የኔታ ከሆኑስ ሲል ቆየ።

ደብረ ወርቅን አልፌ ቢቸና ስገባ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ወንበሩን ጓዳ አስገባሁ። ስወጣበት ምድር እንደ ድሮዋ ዞረችብኝ፤ ፍርሃቱ የትም አልሄደም። ባለቤቴ ከታች ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች። አሮጌውን አምፖል ነቅዬ አዲሱን ገና ማዞር ስጀምር የውጭው በር ተንኳኳ። እንግዳ ደጅ ከሚቆምባት ወጧ ቢያር የምትመርጥ ሴት ናት።

"ትንሽ ይጠብቁ" አለች፣ እጇን ሳትለቅ።