ለቅሶ የገባበት ካሴት

ቤታችን ወሰን የሚባለው ሰፈር ነበር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው ገባ ብሎ። ያኔ ሰፈሩ ሁለት ጋራዥና አንድ ወፍጮ ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባህር ዛፍ። እኔ እግሬ አያርፍም። ጠዋት ቅጠል ልጠርግ ብዬ የካ ጫካ ከገባሁ፣ ጋራውን ይዤ ስሄድ ስሄድ እንጦጦ ራጉኤል ደርሼ እገኛለሁ። ምን ወሰደሽ ቢሉኝ እግሬ ነው እላለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የቆጠርኩት ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት ሲሰበስበን ነው። ይህን ስጽፍ ነገሩ ወዲያ ወዲህ ቢል እንደ አካሄዴ ነውና አትፍረዱብኝ።

ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩኝ። ትልቁን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፣ ወደ ሰሜን። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። ሁለት ፋሲካ ያለ ወሬ አለፈ። ሲሄድ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ለታናሹ ትቶለት ነበር። ታናሹም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቋመ።

"ይሄ ምን የሚሉት ሙዚቃ ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ሄቪ ሜታል ነው፣ እማዬ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ከባድ ብረት።"

"ታዲያ ጋራዡ ምን አነሰው?"

ሳቁብኝ። ለሙዚቃ ቤቶች አሰምተው የተቀበላቸው አልነበረም። አንደኛው ባለቤት አንድ ዘፈን እስከ እኩሌታው ሰምቶ፣ "ልጆች፣ የሚያማችሁ ነገር አለ?" ብሎ ሸኛቸው። ስለዚህ ካሴቱን ራሳቸው ሊያወጡ ቆረጡ። የሳንሱር ማኅተም የሚያደርግለት እንደሌለም ያውቃሉ።

የቸኮሉት ግን በወንድሙ ምክንያት ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ ፈቃድ ላይ ያለ አንድ ወታደር በዘመድ በኩል አገኘን፤ የትልቁ ልጄ ክፍለ ጦር ሰው ነው፣ ሰኞ ይመለሳል። ካሴት ለወንድሙ ያደርስለት እንደሆነ ታናሹ ጠየቀው። "ካለ አደርስለታለሁ" አለ ሰውየው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። ለእኔ ግን ያቺ "ካለ" ያላት ቃል ሳምንቱን ሙሉ ከሆዴ አልወጣችም።

ከበሮው የቀበሌው የኪነት ቡድን ንብረት ነበር። የባንዱ ከበሮ መቺ እዚያም ስለሚመታ፣ ለበዓል ልምምድ ነው ብሎ አወጣው፤ እሑድ ከመምሸቱ በፊት መመለስ አለበት። አዲስ ካሴት የተገኘው አንድ ብቻ ነው። ጓዳዬን ለቀቅኩላቸው። ድምፁ እንዳይወጣ ብለው ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሲሰቅሉ አይቼ፣ ይሄማ አይበቃም አልኳቸው። ሳምንቱን ያወረድኩትን ቅጠል በጆንያ በጆንያ እየጠቀጠቅን እስከ ማገሩ ደረደርን። በመስኮቱም፣ በበሩም። ቴፑን መሬት ቢያስቀምጡት ከበሮው ያንቀጠቅጠዋል፣ ስለዚህ በገመድ አስረው ከጣሪያው አንጠለጠሉት። ቅጠሉ ከበሮውን በትክክል ያዘው፤ ደጅ ቆሜ አዳመጥኩ፣ ከሩቅ ቤት እህል እንደሚወቀጥ ያህል ነው። ቆርቆሮው ላይ ግን ቅጠል አላደረግንም። ማን አሰበው?

እሑዱ የራጉኤል ዕለት ነበር። እኔ ስለ ልጄ ልለምን ጠዋት ወጣሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ከፊሉን አይቻለሁ፣ ከፊሉን ነግረውኛል።

የሚዘፍነው ልጅ የጎረቤቴ የባለ ሱቋ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ እናቱን "አቤት" ሲላት እንኳ አንገቱን የሚደፋ። እኛ ቤት ሊያጠና የሚመጣ ይመስላት ነበር። የመጨረሻው ዘፈን ጩኸት ብቻ ነው። እሱን ጠዋቱን ሙሉ ደጋገሙት፣ ጩኸቱም በቆርቆሮው ወጣ። እናቱ ሱቋ ውስጥ ሆና የልጇን ድምፅ ለየችው፤ ከተወለደ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ለምን ይጮኻል? የጓደኛው ወንድም ጦር ሜዳ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? እኔም ቤት የለሁም፤ መርዶ ሊነግሯት ዘመድ ጋር ወስደዋት ነው አለች። ሻሿን ከራሷ አውልቃ ደረቷን እየመታች ወጣች። የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ።

ከሰዓት በኋላ ከጋራው ስወርድ ግቢዬ በር ላይ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮ ተቀቅሏል። ማንም ምንም አልነገረኝም፤ ተነግሯት ነው የመጣችው ብለዋል። እኔም አልጠየቅኩም። ምኑን እጠይቃለሁ? መሬት ላይ ተቀምጬ የልጄን ስም መጥራት ጀመርኩ፤ እነሱም ተቀበሉኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጓዳ ያሉት የሰሙት ነገር የለም፤ ውጪ ያለውም ከጓዳ የሚወጣውን ጩኸት የወንድሙ ለቅሶ ነው ብሎ አላንኳኳም። የመጨረሻውን ዘፈን ለካሴቱ እየተጫወቱ ነበር። ሲጨርሱ፣ ቴፑ ገና እየዞረ፣ ለቅሶው በቅጠሉ አልፎ ገባ። በሩ ላይ ያለውን ጆንያ ገፍተው ወጡ። ታናሹ ልጄ ፀጉሩ ሁሉ ቅጠል ነው።

"እማዬ፣ ማን ሞተ?" አለኝ።

ጎረቤቴ ቀና ብላ ልጇን አየችው። "አንተ! ለምንድን ነው ስትጮህ የዋልከው?"

"እየዘፈንኩ ነው።"

"እንዲህ ተብሎ ይዘፈናል?"

"አዎ።"

"ወላሂ፣ ይሄን ልጅ እኔ አልወለድኩትም!"

አንዲት ሴት ሳቀች፣ ከዚያ ሌላዋ። እኔ አልሳቅኩም። መርዶ ይዞ የመጣ ሰው የለም፤ ደህና ነው ያለም የለም። ጠዋት ወደነበርኩበት ነው የተመለስኩት። የእድሩ ዳኛ ሽማግሌ፣ ድንኳን ከተተከለ ባዶውን አይነቀልም አሉና ሁላችንም ንፍሮውን በላን።

ከበሮው የሚመለስበት ሰዓት ደረሰ። ልጄ ካሴቱን መልሶ አሰማኝ። መጨረሻው ላይ ለቅሶው ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ የእኔ ድምፅ ከሁሉ ይጎላል።

"ይሄን ላጥፋው? ሟርት ነው ይሉናል" አለኝ።

"የጎረቤት ለቅሶ አይጠፋም፣ ነውር ነው" አልኩት። "ይሂድ።"

በዚያችው ማታ አሮጌ ካሴት ላይ አንድ ቀድተው አስቀሩ፣ ሰኞ ዋናው ከወታደሩ ጋር ሄደ። ከቀሪው ሁለት ቴፕ በሽቦ አያይዘው ያባዙ ጀመር። ሽፋኑን ከቀይ ደብተር ልባስ ቆርጠው በእስክሪብቶ ሣሉት። መገናኛ ፌርማታ ላይ ለሚያውቁት ሰው ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣሉ። ከወሰዱት ውስጥ ዘፈኑን የወደደው ጥቂት ነው፤ መጨረሻ ላይ ስለሚያለቅሱት ሴቶች ያልጠየቀ ግን የለም።

ክረምት ገብቶ ደብዳቤ መጣ። ልጄ አነበበልኝ። "ካሴቱ ደርሶኛል። ከበሮው ይፈጥናል። መጨረሻ ላይ የምታለቅሰው እናቴ ናት፣ ድምጿን አላጣውም። ማን ሞቶብን ነው? እባካችሁ አትደብቁኝ።"

ታናሹ መሳቅ ጀመረና እኔን ሲያይ ተወው። ልጻፍለት ቢለኝ እምቢ አልኩ። ወንድሙ ቢጽፍለት የደበቀው ይመስለዋል። ወረቀቱን ወስጄ፣ ፊደል በፊደል እያሰብኩ፣ ቀኑን ሙሉ ጻፍኩ፦ "ማንም አልሞተብንም። አንተ የሞትክ መስሎን ነው። እናትህ።" ለሰው የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው።

ደርግ ሲወድቅ ትልቁ ልጄ በእግሩ መጣ፣ ከስቶ። ሁለት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ፣ ለቅሶ የደረሰውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ያመሰግን ጀመር፤ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው። እኔም አብሬው ዞርኩ። መጨረሻ ላይ ሱቁ ደረስን። ጉልበቷን ሊስም ሲያጎነብስ ጎረቤቴ ትከሻውን ያዘችው።

"ስላለቀሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ" አላት።

"ሁለተኛ አላለቅስልህም" አለችው። "የኔን ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ያንተ ተራ ነው።"

"እሺ" አላት።

"ታዲያ ምን ትገተራለህ? ግባና ተቀመጥ።"