የማርማላታው ጠርሙስና የአባዬ ፍሬን

ዛሬ ጠዋት መኪናዬን አስነስቼ ከግቢ ልወጣ ስል የፍሬኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ወረደብኝ። መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እማዬ ናት።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጎሮ ስንኖር አባዬ የመኪናው ፍሬን አየር ሲይዝና ፔዳሉ ሲላላ ለጋራዥ አይሰጥም ነበር፤ ራሱ ነው የሚሠራው። መሣሪያው አንድ የማርማላታ ጠርሙስ ነው። ክዳኑን በምስማር በስቶ፣ ነርስ የነበረችው እማዬ ያመጣችለትን የግሉኮስ ቱቦ አስገብቶበታል።

እሱ መኪናው ሥር ተኝቶ አየሩን በቱቦው ያስወጣል፤ እሷ ፔዳሉን ትረግጣለች።

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዢ! ያዢ! በቃ ልቀቂ!»

ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል።

የሚገርመው ግን ያ ፍሬን አየር የሚይዘው እነሱ ሲኮራረፉ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አባዬ ወደ ቤት በር እየሰረቀ እያየ አየር እንዲገባ ደህናውን የፍሬን ብሎን ሲያላላ ደረስኩበት። «ዝም በል!» አለኝ። ምስጢሩን ጠበቅኩለት።

ዛሬ እኔና ባለቤቴ ከተዘጋጋን ሦስተኛ ቀናችን ነው። እሁድ ስለሆነ ጋራዥ ዝግ ነው። ግቢውን አሥር ጊዜ ዞርኩት። መቀመጥ አቃተኝ። በመጨረሻ የአባዬን ጠርሙስ ከዕቃ ቤት አውጥቼ የመኝታ ቤቱን መስኮት አንኳኳሁ።

ባለቤቴ መጥታ መሪው ጋ ተቀመጠች።

«ርገጪ!»

«ረገጥኩ።»

በሦስት ቀን ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

ፔዳሉ ሲጠነክር አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «እውነት አየር ነበረው? ወይስ እንደ አባትህ ነው? እናትህ ነግረውኛል» አለችኝ።

ለካ እማዬ ያን ሁሉ ዓመት እያወቀች ነው ስትረግጥ የኖረችው!

እናንተ ቤትስ ኩርፊያ በምን ይፈታ ነበር? ንገሩኝ እስቲ፣ እኔ እንደሆነ አሁን ደግሞ ከደስታ ብዛት ቁጭ ማለት አልቻልኩም።