መስቀል የተጫረበት ቆርቆሮ

ስልኩ የጠራው ከኪዳን ጸሎት ስመለስ ነው። እኔ ያለሁት አርባ ምንጭ ነው፤ የደወለችው ታናሽ እኅቴ ከብቸና።

«የአባዬን ሱቅ አስረከብን። ጎረቤት አግዞን ዕቃውን አወጣነው» አለችኝ። አባታችን ካረፉ ወራት አልፏል፤ በዚያ ሱቅ ሬድዮና የድምፅ ማጉያ ይጠግኑ ነበር።

«ቆርቆሮዎቹስ?»

«የትኞቹ? እዚያ ቤት ከቆርቆሮ ሌላ ምን ነበረ ብለሽ ነው? የፈለገ ጎረቤት ወስዶታል።» ቀጥላም፣ «የሞጣው ገበዝ ደውለው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ማጉያ ዝም ብሏል» አለች።

አባዬ ትራንዚስተሮቻቸውን፣ ድምፅ የሚያጎሉትን ትናንሽ ዕቃዎች፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ለይተው ያስቀምጡ ነበር። ከአሮጌ ሬድዮ የወጡት፣ ጀርመኒየም የሚባሉት፣ ሙቀት አይችሉም፤ የቀትር ፀሐይ ሲያገኛቸው ድምፁ ይዝላል። እነሱን የተኩት፣ ሲሊከን የሚባሉት፣ ቻይ ናቸው። በኋላ ከሶላር ዕቃ ጋር ሞስፌት የሚባል ሌላ ዓይነት መጣ፤ ልብስ ሲፋተግ በሚፈጠር ኤሌክትሪክ እንኳ ስለሚሞት፣ አባዬ ኤሌክትሪኩ ከእጃቸው እንዲወርድ የቧንቧ ብረት ሳይነኩ አያነሡትም ነበር።

አንዱ ቆርቆሮ ግን መስቀል ተጭሮበታል። ከቤተ ክርስቲያን ማጉያ የወጣ ለሌላ አይውልም ብለው ለብቻው ያኖሩት ነው። አንድ ቀን ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን ቴፗን አምጥታ፣

«ከዚያ አንዲት ቢሰጡኝ ምን አለ? ትራንዚስተርም ቀሰሰ እንዴ?» አለቻቸው።

«የመቅደስ መጋረጃ ቢያረጅ ጠላ ታጠልዪበታለሽ?»

«ኧረ ነውር ነው፣ አባ!»

«እንግዲያ» አሉና ከሌላው ቆርቆሮ አውጥተው ሠሩላት።

አባዬ ሲጠግኑት የኖሩት የሞጣው ማጉያ የድሮ ነው። ድምፁን የሚገፉት ብረት ለበስ ሲሊከኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ አንዱ ሞገዱን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይገፋል። መልካቸው አንድ ነው፤ ቦታ ከተለዋወጡ ግን ማጉያው ይቃጠላል። አሁን ገበያ ላይ የሚገኘው ደግሞ አብዛኛው ሐሰተኛ ነው፤ ላዩ ላይ ስሙ አለ እንጂ ውስጡ ሌላ ነው። ስለዚህ አባዬ፣ ከብቸናው ቤተ ክርስቲያን ማጉያ የወጡትን ደኅና ጥንዶች ለሞጣ ብለው በክር አስረው በዚያው መስቀል ባለበት ቆርቆሮ አኖሩ።

ያን ዕለት ዕቃ ያወጣችሁ ጎረቤቶቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ እኔ አልነበርኩም፣ የደከማችሁት እናንተ ናችሁ። ያ ቆርቆሮ እጃችሁ ገብቶ ከሆነ ክሩን አትፍቱት። ለሞጣው አውቶብስ ሾፌር ስጡልኝ፤ ገበዙ ይቀበሉታል። ቆርቆሮውን ለምስማር ፈልጋችሁት እንደሆነ ለእናንተ ይሁን፤ የውስጡን ብቻ ላኩልኝ።