ድንኳን የሚሞክረው ሽማግሌ

አልዩ አምባ ገበያ ድንኳን የሚገዛ ሰው ጨርቁን ዳብሶ፣ ገመዱን ስቦ ይወስናል። ይኼ ሽማግሌ ግን አስተክሎ ገባበት። በዚያ የቆላ ሙቀት ወፍራም የሱፍ ባና ተከናንቧል፤ ሽበቱ ውስጥ ጥላሸት የጠጣ የጣራ ሣር ተሰክቷል።

«ዝናብ!» ብሎ ከውስጥ አዘዘ። ነጋዴው ዓወል አንድ እንስራ ውሃ ገለበጠበት።

«ንፋስ!» ግመል ነጂዎች ገመዱን ይዘው ናጡት። የማቁ ድንኳን ቻለው። እኔም ከጎን ጨው መሸጤን ትቼ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

ሽማግሌው ጠብታ ሳይነካው ብቅ ሲል ዓወል «ዘመቻው ወዴት ነው፣ ጌታዬ?» አለው።

«የምን ዘመቻ? አንኮበር፣ ቤቴ ውስጥ ልተክለው ነው። ጣራው ያፈሳል።»

«ታዲያ ጣራውን አያስከድኑትም?»

ሽማግሌው ከራሱ ላይ አንዲት ሰበዝ መዝዞ አየና በባናው እጥፋት ውስጥ ከተታት።

«ሣሩን በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችው ባለቤቴ ናት። አምና ቀበርኳት። እሷ ያመጣችውን ማንም አያፈርስብኝም።»

ተመልሶ ገባ። «በል፣ በረዶው ቀርቷል!»

ዓወል ግራ ገባው፤ በዚያ ሙቀት በረዶ ከየት ይምጣ? ለአማቴ እንኳ በነፃ የማላስቀምሰውን ጨው በእፍኜ ዘግኜ ድንኳኑ ላይ በተንኩለት።