ለመማር መጥቻለሁ ብዬ

ይህን ለሚስቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ወንጀልን ለአላህ ብቻ ነው የሚናገሩት ይባላል፤ እኔ ግን ለእሱም ስናገር እየቆራረጥኩ ነው።

በደርግ ዘመን ማትሪክ ሲደርስብኝ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አቅንቼ መጻፍ አልችልም ነበር። ያስተማረኝ ጎረቤታችን ሰይድ ነው። የሼህ ልጅ ስለሆነ ሰዋስውንም እንደ ቁርአን ነበር የሚያስቀራኝ፤ ጮክ ብዬ እደግማለሁ፣ የትናንቱን ሳላጠራ ወደሚቀጥለው አያሳልፈኝም። ለድካሙ ምንም አይቀበልም። አባቱ ቁርአን ሊቀራ የመጣ ደረሳ፣ ተማሪ፣ መልሰው አያውቁም፤ እሱም ዕውቀት ፈልጎ የመጣ አይመለስም ይል ነበር።

የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ከተማችንን ከሚሴን ሲያምሳት ሰይድ ወደ ጨፋ ሜዳ ወርዶ ማሽላ ውስጥ ተደበቀ። ያለበትን ከእናቱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ተደብቆም ማስተማሩን አልተወማ። የቀበሌ ሰዎች ያዙኝ። አልመቱኝም። ይህን አልደብቅም፤ አልመቱኝም። ሰይድን ካሳየኋቸው እንደሚተዉኝና ፈተናዬን እንደምፈተን የቀበሌው ሊቀመንበር ነገረኝ፣ በቃ። እኔም ፈተናዬን አሰብኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማሽላው ዳር ቆሜ ተጣራሁ።

«ሰይድ፣ ለመማር መጥቻለሁ።»

ወጣ። አገዳውን በእጁ እየገለጠ፣ ምነው ዘገየህ ብሎ እየወቀሰኝ ወጣ። እኔ ነኝ የጠራሁት፣ እኔ። ከኋላዬ ያደፈጡት ታጣቂዎች ሲይዙት አንድ ጊዜ አየኝ። ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ወሰዱት፤ ሬሳውም ወሬውም አልመጣም።

ፈተናውን አለፍኩ። የእንግሊዝኛ መምህር ሆንኩ፤ እሱ ባስቀራኝ መንገድ አስቀራለሁ፣ ተማሪዎቼ ሲያመሰግኑኝ እቀበላለሁ። ልጅ ነበርኩ ልበል? ሰይድስ ልጅ አልነበረም?

ከዓመታት በኋላ እናቱ ታመው አልጋ ያዙ። ሞት የቀረበው ሰው ጎረቤቱን እየጠራ ይቅርታ መጠየቁ የአገራችን ደንብ ነውና እኔንም አስጠሩኝ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ገባሁ። እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ የኔው ጠፍቶ አንተን በደህና ባየሁ ቁጥር ከፍቶኛል። በክፉ ዓይን አይቼሃለሁ። አፉ በለኝ» አሉኝ።

«አፉ ብያለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

ከዚያ ሌላ ምንም አልነገርኳቸውም። ይቅር ባይ ሆኜ ከቤታቸው ወጣሁ። እናንተ ግን ይቅር እንዳትሉኝ።